ፋይሉን የሚከፍተው ማን ነው?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)






 ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅም፤ ስለ ጤና አጠባበቅና ስለ ደን ልማት መልካም ቃል አሰምተዋል። እኔ የመረጥሁት ርእስ ግን ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ የሚመስል ነው። ይኸውም በኮምፒዩተር ላይ አንድን ፋይል የሚከፍተው የትኛው ፕሮግራም እንደ ሆነ፤ ይህንንም የሚወስነው ማን እንደ ሆነ ለመግለጽ ነው። «ይህ ደግሞ ለበዓል ንግግር የሚበቃ ነገር ነውን?» የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ትንሽ ነው ተብሎ የተናቀ ነገር ብዙ የተደከመበትን ሥራ ለጥፋት ሲያደርስ አይተናልና ጥቂት ጊዜ ታገሡኝ ብዬ እለምናለሁ።

ለመናገር የፈለግሁት በአጭሩ ይህ ነው። ፋይል ራሱን አይከፍትም። የትኛው ፕሮግራም እንደሚከፍተው የሚነገርበት አንድ መዝገብ በኮምፒዩተሩ ውስጥ አለ። ያን መዝገብ የማዘዝ መብት የባለቤቱ ነው። ባለቤቱ መብቱን ያላወቀ እንደ ሆነ ግን ሌላው ያዝበታል፤ እርሱም ደኅና የነበረውን ሥራውን «ተበላሽቷል» ብሎ ይጥለዋል። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ፋይል ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ፋይል ማለት በአንድ ስም የተጠራ የቍጥሮች ተርታ ነው። ደብዳቤም ቢሆን፤ ፎቶግራፍም ቢሆን፤ መዝሙርም ቢሆን፤ ኮምፒዩተሩ የሚያስቀምጠው ከ0 እስከ 255 በሚደርሱ ቍጥሮች አሰልፎ ነው። 65 የሚለው ቍጥር በጽሑፍ ፋይል ውስጥ የመጀመሪያው የላቲን ትልቅ ፊደል ነው። በሥዕል ፋይል ውስጥ ግን ያው 65 የአንዲት ነጥብ ቀለም ሊሆን ይችላል፤ በድምፅ ፋይል ውስጥም የድምፁ መጠን ሊሆን ይችላል። ቍጥሩ አንድ ነው፤ ትርጓሜውን የሚሰጠው የሚያነበው ፕሮግራም ነው።

ይህን ነገር እኛ ከማንም ይልቅ በቀላሉ ልናስተውለው እንችላለን። ፊደል የቈጠረ ሰው የአማርኛውንም፤ የግዕዙንም፤ የትግርኛውንም መጽሐፍ ድምፅ አውጥቶ ሊያነብ ይችላል፤ ፊደሉ አንድ ነውና። ቋንቋውን ካላወቀ ግን ድምፁን እንጂ ምሥጢሩን አያገኝም። ግዕዝ የማያውቅ ሰው የግዕዝ መጽሐፍ ገልጦ ትርጕሙ ቢጠፋበት «መጽሐፉ ተበላሽቷል» አይልም፤ «የሚያውቀውን ሰው ጥሩልኝ» ይላል እንጂ። በኮምፒዩተር ዘንድ ግን ብዙዎቻችን የምንለው የፊተኛውን ነው።

እንግዲህ ኮምፒዩተሩ ለየትኛው ፋይል የትኛውን አንባቢ መጥራት እንዳለበት በምን ያውቃል? ለዚህ ጥያቄ በልዩ ልዩ ጊዜ ልዩ ልዩ መልስ ተሰጥቶበታል።

የመጀመሪያው መልስ በስሙ መጨረሻ ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ይህም ምልክት ቅጥያ ይባላል። ከስሙ በኋላ ነጥብ ተደርጎ ይጻፋል። «ዶክኤክስ» የሚል ቅጥያ ያለው የወርድ ጽሑፍ ነው፤ «ጄፔግ» ፎቶግራፍ ነው፤ «ኤምፒስሪ» ዜማ ወይም ንግግር ነው፤ «ፒዲኤፍ» ደግሞ ለማተም የተዘጋጀ ገጽ ነው። ጋሪ ኪልዳል የተባለው አሜሪካዊ በ1974 ዓ.ም. በሠራው «ሲፒ ኤም» በተባለው ሥርዐት የአንድ ፋይል ስም ከ8 ፊደላት፤ ቅጥያውም ከ3 ፊደላት አይበልጥም ነበር። በ1981 ዓ.ም. የወጣው የማይክሮሶፍት ዶስም ይህንኑ ልማድ ወሰደ። እስከ 255 ፊደላት የሚደርስ ረጅም ስም የተፈቀደው በ1995 ዓ.ም. በወጣው ዊንዶውስ 95 ነው። ብዙዎቹ ቅጥያዎች እስከ ዛሬ ሦስት ፊደል የሆኑት ከዚያ ከጥንቱ ልማድ የተነሣ ነው።

ሁለተኛው መልስ የአፕል ኩባንያ በ1984 ዓ.ም. በማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ላይ ያደረገው ነው። እዚያ እያንዳንዱ ፋይል ከስሙ ሌላ አራት አራት ፊደል ያላቸው ሁለት የተሰወሩ ምልክቶች ይይዝ ነበር። አንደኛው «እኔ የዚህ ዐይነት ፋይል ነኝ» ይላል፤ ሁለተኛው «የሠራኝ ይህ ፕሮግራም ነው» ይላል። ስለዚህ የፋይሉ ስም እንደ ተፈለገው ቢለወጥ የሠራው ፕሮግራም መልሶ ይከፍተው ነበር። ይሁን እንጂ ፋይሉ ወደ ሌላ ዐይነት ኮምፒዩተር ሲላክ ምልክቶቹ በመንገድ ይቀሩ ነበር። አፕልም በ2009 ዓ.ም. ባወጣው ሥርዐት የሠሪውን ምልክት መከተል አቆመ።

ሦስተኛው መልስ የፋይሉን የመጀመሪያ ቍጥሮች አይቶ መለየት ነው። የፒዲኤፍ ፋይል ሁሉ መነሻው ላይ «ፒዲኤፍ» የሚሉት የላቲን ፊደላት ተጽፈውበታል። የታጨቀ ፋይል፤ ማለት «ዚፕ» የሚባለው፤ «ፒ» እና «ኬ» በሚሉ ሁለት ፊደላት ይጀምራል። እነዚህም በ1989 ዓ.ም. የዚፕን አሠራር ያወጣው የፊል ካትዝ ስም መነሻ ፊደላት ናቸው። ይህን የፒንና የኬን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዛሬ በትምህርት ቤቶችና በመሥሪያ ቤቶች በብዛት የምናየው ዊንዶውስ በዋናው የሚከተለው የመጀመሪያውን መልስ፤ ማለት ቅጥያውን ነው። «ስም ይወጣል ከቤት፤ ይቀበላል ጎረቤት» እንደሚባለው የተሰጠውን ስም ሳይመረምር ይቀበላል። ስለዚህ አንድ ሰው የወርድ ጽሑፉን ቅጥያ ለውጦ «ጄፔግ» ቢለው ኮምፒዩተሩ ፎቶግራፍ ተመልካቹን ይጠራል፤ እርሱም ሞክሮ «ልከፍተው አልቻልሁም» ይላል። ጽሑፉ ግን አንዳች አልጐደለበትም። በዘይት ጠርሙስ ላይ «ማር» ብሎ መጻፍ ዘይቱን ማር አያደርገውም፤ ደግሞም ዘይቱን አያበላሸውም። ቅጥያውን ወደ ቀድሞው መመለስ ብቻ ይበቃል።

አንድ ፕሮግራም በኮምፒዩተር ላይ ሲጫን በመዝገቡ ላይ «እኔ እነዚህን ዐይነት ፋይሎች ለመክፈት እችላለሁ» ብሎ ስሙን ያስጽፋል። አንዱን ዐይነት ፋይል ለመክፈት የሚችሉ ሁለት ወይም ሦስት ወይም ከዚያም የበለጡ ፕሮግራሞች ሊኖሩ ይችላሉ። ከእነዚህ መካከል ፋይሉን ሁለት ጊዜ ጠቅ ባደረግን ቍጥር ዘወትር የሚጠራው አንዱ ነባሪ ፕሮግራም ይባላል። ነባሪውን መምረጥ የባለቤቱ ፈንታ ነው። የንግግሬም ፍሬ ነገር ከዚህ ላይ ነው።

አሁን በራሳችን ትምህርት ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ይህ የበዓል መጽሔት ሲዘጋጅ የተማሪዎች ድርሰት ሁሉ በኮምፒዩተር ክፍል ባለው በአንዱ ኮምፒዩተር ላይ ተሰብስቦ ነበር። አንድ ቀን ጧት የዝግጅት ኮሚቴው ድርሰቶቹን ሊያርም ሲከፍት ከአማርኛው አንድ ፊደል እንኳ አልተገኘም። በምትኩ ገጹን ሞልቶት የታየው የባዕድ ፊደል፤ የጥያቄ ምልክትና ባዶ ሣጥን ነበር። አንዱ «ቫይረስ ገብቶበታል» አለ። ሁለተኛው «ኮምፒዩተሩ ሙሉ በሙሉ ተደምስሶ እንደ ገና መጫን አለበት» አለ። ከድርሰቶቹም መካከል አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ አያቱን ጠይቆ ስለ ድሮው የአካባቢያችን ገበያ የጻፈው ነበረ። አያቱ ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ዐርፈዋል፤ ከዚያ ፋይል በቀር ሌላ ቅጂ አልነበረውም። ልጁ በሩ አጠገብ ቆሞ አንድ ቃል ሳይናገር ይመለከት ነበር።

በዚህ ጊዜ ከኮሚቴው ታናሽ የሆነችው የ9ኛ ክፍል ተማሪ አንድ ነገር ጠየቀች። «ትናንት በየፋይሉ ላይ የነበረው ሥዕል የወርድ ምልክት ነበር፤ ዛሬ ግን የማስታወሻ ደብተር ሥዕል ሆኗል፤ ለምን ተለወጠ?» አለች። ይህ ጥያቄ ሁሉንም ነገር ገለጠው። ሰማያዊውን የወርድ ምልክት ትታ የደብተሩን ሥዕል የያዘችው ፋይል ሁሉ በኖትፓድ እንድትከፈት ታዝዛ ነበር። ባለፈው ማታ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው አንድ ፋይል ሲከፍት ከቀረቡለት ፕሮግራሞች ኖትፓድን መርጦ «ሁልጊዜ» የሚለውን ቍልፍ ተጭኖ ኖሯል። ኖትፓድ ደግሞ ተራ ጽሑፍ እንጂ የወርድን ፋይል ማንበብ አይችልም። የወርድ ፋይል በውስጡ የታጨቀ የዚፕ ፋይል ነውና። ለዚህም ምስክር የሚሆነው በየገጹ መጀመሪያ ላይ የታዩት ሁለቱ ፊደላት፤ ቅድም ያዙልኝ ያልኋችሁ «ፒ» እና «ኬ» ናቸው።

ነባሪው ወደ ወርድ በተመለሰ ጊዜ ድርሰቶቹ ሁሉ እንደ ነበሩ ተገኙ። ሥራው አንድ ደቂቃ አልፈጀም። የአያቱም ቃል በዚሁ መጽሔት ውስጥ ታትሞ በእጃችሁ ይገኛል። «ይደምሰስ» የተባለው ምክር ተፈጽሞ ቢሆን ግን ባልተበላሸ ፋይል ምክንያት የማይተካ ነገር በጠፋ ነበር። ደግሞም ልብ በሉ፤ በኖትፓድ መክፈት ፋይሉን አይጐዳውም። የሚጐዳው በማይረዳው ፕሮግራም ከፍቶ «አስቀምጥ» የሚለውን መጫን ነው። ስለዚህ ያልተለመደ ነገር ስታዩ ሳታስቀምጡ ዝጉ።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ይበልጥ ለመምህራንና ለጸሐፊዎች የሚጠቅም ነው። አንዳንድ ጊዜ የተሳሳተው ፕሮግራም ፋይሉን አልከፍትም አይልም፤ በደስታ ይከፍተዋል፤ ነገር ግን እንደ ራሱ አሳብ ይለውጠዋል። የዚህ ምሳሌ «ሲኤስቪ» የሚባለው ፋይል ነው። ሲኤስቪ ስሞችና ቍጥሮች በነጠላ ሠረዝ ተለይተው የሚጻፉበት ተራ ጽሑፍ ነው። ኤክሴል ባለበት ኮምፒዩተር ላይ የዘወትር ከፋቹ ኤክሴል ይሆናል። እንግዲህ የተማሪዎች ስምና የወላጆች ስልክ የተመዘገበበት የሲኤስቪ ፋይል አለ እንበል። የአገራችን የተንቀሳቃሽ ስልክ ቍጥር በ09 ወይም በ07 ጀምሮ 10 አኃዝ አለው። ፋይሉ ሁለት ጊዜ ጠቅ ተደርጎ በኤክሴል ሲከፈት ኤክሴል «ይህ ቍጥር ነው፤ በቍጥር መጀመሪያ ላይ ያለ ዜሮ ዋጋ የለውም» ብሎ ዜሮውን ይጥለዋል። 10 የነበረው 9 ይሆናል። ከዚያ በኋላ ፋይሉ ከተቀመጠ ዜሮው በእውነት ይጠፋል።

በአማርኛ የተጻፈው ስምም ሌላ መከራ ሊያገኘው ይችላል። የኢትዮጵያ ፊደል ለዓለም ጽሕፈት ሁሉ በተዘጋጀው «ዩኒኮድ» በተባለው ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. በወጣው በ3ኛው እትም ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፊደላችን የታወቀ ቍጥር አለው። ይሁን እንጂ ኤክሴል ፋይሉ የዩኒኮድ ጽሑፍ መሆኑን የሚያስታውቅ ምልክት በመነሻው ላይ ካላገኘ በቀድሞው የምዕራባውያን ሠንጠረዥ ሊያነበው ይችላል፤ ያን ጊዜ ስማችን ትርጕም የሌለው ዝብርቅርቅ ይሆናል። መድኃኒቱ ፋይሉን ጠቅ አድርጎ መክፈት ሳይሆን መጀመሪያ ኤክሴልን መክፈት፤ «ዳታ» ከሚለው ውስጥ ከጽሑፍ ወይም ከሲኤስቪ ማስገባት የሚለውን መምረጥ፤ የጽሕፈቱን ዐይነት «ዩቲኤፍ 8» ማለት፤ የስልኩንም ዐምድ ቍጥር ሳይሆን ጽሑፍ ነው ብሎ መወሰን ነው። አለዚያም ለማየት ብቻ ከሆነ በኖትፓድ መክፈት ይበቃል። ለወርድ ፋይል ጠላት የሆነው ኖትፓድ ለሲኤስቪ ታማኝ አንባቢ ነው። እንግዲህ ክፉ ወይም ደግ ፕሮግራም የለም፤ ቦታውን ያገኘና ቦታውን የሳተ ፕሮግራም አለ እንጂ።

ይህ የደረሰው በእኛ ላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሰውን ዘር ውርስ የሚመረምሩ ሳይንቲስቶች ለእያንዳንዱ የዘር ቅንጣት፤ ማለት ለእያንዳንዱ ጂን፤ አጭር ስም ይሰጣሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ «ማርች 1» እና «ሴፕት 1» የሚሉ ነበሩ። ኤክሴል ግን እነዚህን የወር ስም አድርጎ እየቈጠረ ወደ ቀን ይለውጣቸው ነበር። በ2016 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት የጂን ስም ዝርዝር በኤክሴል ካያያዙት የሳይንስ ጽሑፎች ውስጥ ከ5ቱ አንዱ ያህል እንዲህ ያለ ስሕተት እንደ ተገኘበት አሳየ። በመጨረሻም በ2020 ዓ.ም. የጂኖችን ስም የሚወስነው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ የጂኖቹ ስም እንዲለወጥ አደረገ። የዓለም ሊቃውንት ለአንድ ፕሮግራም ልማድ ሲሉ የሰውን ጂን ስም ለወጡ ማለት ነው! ኤክሴልም ይህን በራሱ የመለወጥ ልማድ ለማስቀረት የሚያስችል ምርጫ የጨመረው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ አደጋ ልናገር። ግንቦት 4 ቀን 2000 ዓ.ም. በአውሮጳውያን አቈጣጠር አንድ የኢሜይል መልእክት ከፊሊፒንስ ተነሥቶ ዓለምን አዳረሰ። ርእሱ «እወድሃለሁ» ይላል። የተያያዘው ፋይል ስሙ «የፍቅር ደብዳቤ ለአንተ» ሲሆን፤ ቀጥሎ «ቲኤክስቲ» የሚል የተራ ጽሑፍ ቅጥያ ነበረው። ነገር ግን ከዚያ በስተኋላ ሌላ ሁለተኛ ቅጥያ ነበር፤ እርሱም «ቪቢኤስ» ይባላል። ቪቢኤስ የሚነበብ ጽሑፍ ሳይሆን ኮምፒዩተሩ የሚፈጽመው ትእዛዝ ነው። ዊንዶውስ የታወቁ ቅጥያዎችን ከዐይን የሚሰውር ስለ ሆነ ብዙ ሰዎች ያዩት የፊተኛውን ብቻ ነበር። ደብዳቤ የከፈቱ መስሏቸው ትእዛዙን አስፈጸሙት። ያም ትእዛዝ ፎቶግራፎቻቸውንና ሌሎች ፋይሎቻቸውን እየደመሰሰ በራሱ ቅጂ ተካው፤ ለሚያውቋቸውም ሰዎች ሁሉ በስማቸው ተላከ። የተጐዱትም ኮምፒዩተሮች በሚሊዮን የሚቈጠሩ ነበሩ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው ቅጥያ እንዲታይ ማድረግ ነው። በዊንዶውስ 11 የፋይሎች መስኮት ላይ «ቪው» ከዚያም «ሾው» የሚለውን ከፍቶ የፋይል ስም ቅጥያዎችን የሚለውን መምረጥ ይበቃል። ሁለተኛው ነባሪውን ለጥበቃ መጠቀም ነው። አንዳንድ የኮምፒዩተር ኀላፊዎች የቪቢኤስን ፋይልና የመሳሰሉትን በኖትፓድ እንዲከፈቱ ያዝዛሉ። እንዲህ ሲሆን አንድ ሰው በስሕተት ጠቅ ቢያደርገው ትእዛዙ አይፈጸምም፤ ጽሑፉ ብቻ ይታያል። በር ጠባቂውን መለወጥ ሌባውን እንዳይገባ አደረገው ማለት ነው።

ውድ ጓደኞቼ፤ ማን ይክፈት የሚለው ጥያቄ ትንሽ ቢሆን ኖሮ ታላላቅ ኩባንያዎች ባልተከራከሩበት ነበር። የኢንተርኔት ገጽም አንድ ዐይነት ፋይል ነው፤ የሚከፍተውም ፕሮግራም ብራውዘር ይባላል። ማይክሮሶፍት የራሱን ብራውዘር ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ያቀርብ ስለ ነበር የአውሮጳ ኮሚሽን ጠየቀው፤ በ2009 ዓ.ም. ኩባንያው ለተጠቃሚዎች የመምረጫ ገጽ ለማሳየት ቃል ገባ። ነገር ግን ከግንቦት 2011 እስከ ሐምሌ 2012 ዓ.ም. ድረስ ለ15 ሚሊዮን ያህል ተጠቃሚዎች ገጹ ሳይታይ ቀረ። ስለዚህም በመጋቢት 2013 ዓ.ም. የ561 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ተፈረደበት። አንድን የመምረጫ ገጽ ስላላሳየ ብቻ ይህን ያህል ገንዘብ! በ2021 ዓ.ም. ዊንዶውስ 11 ሲወጣም ብራውዘሩን ለመለወጥ የፈለገ ሰው እያንዳንዱን የፋይል ዐይነት አንድ በአንድ መለወጥ ነበረበት። ብዙ ሰው ካማረረ በኋላ በ2022 ዓ.ም. በአንድ ቍልፍ እንዲለወጥ ተደረገ።

አባቶቻችን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። አዲስ ፕሮግራም ስንጭን በትንሽ ፊደል «እኔን ነባሪ አድርገኝ» የሚል ሣጥን አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበት ብዙ ጊዜ እናገኛለን። ሳያነቡ «እሺ፤ ቀጥል» ማለት አጥርን ማስነቅነቅ ነው። እምቢ ማለት ግን ነውር አይደለም፤ የሚጠይቀንም ማሽን እንጂ የሚያፍር እንግዳ አይደለም።

እንግዲህ አሠራሩን በአጭሩ ልግለጽ። አንደኛ፤ በዊንዶውስ ላይ ፋይሉን በማውሱ ቀኝ ቍልፍ ትጫናላችሁ። «ኦፕን ዊዝ» የሚለውን፤ ማለት «በዚህ ክፈት» የሚለውን ትመርጣላችሁ፤ ከዚያም ሌላ ፕሮግራም ምረጥ ትላላችሁ። ለዛሬ ብቻ ከሆነ «አንድ ጊዜ ብቻ» የሚለውን፤ ለዘወትር ከሆነ «ሁልጊዜ» የሚለውን ትወስናላችሁ። እርግጠኛ እስክትሆኑ ድረስ «አንድ ጊዜ ብቻ» የሚለውን መምረጥ ብልኅነት ነው። ሁለተኛ፤ በማክ ኮምፒዩተር ላይ ፋይሉን መርጣችሁ «ጌት ኢንፎ» የሚለውን ትከፍታላችሁ፤ «ኦፕን ዊዝ» ከሚለው ሥር ፕሮግራሙን መርጣችሁ «ሁሉንም ለውጥ» የሚለውን ትጫናላችሁ። ሦስተኛ፤ በአንድሮይድ ስልክ ላይ በስሕተት «ሁልጊዜ» ብላችሁ እንደ ሆነ በሴቲንግስ ውስጥ የዚያን አፕ ስም ፈልጋችሁ «በነባሪነት ክፈት» ከሚለው ሥር ምርጫውን ትሰርዛላችሁ። ስልኩም በሚቀጥለው ጊዜ እንደ ገና ይጠይቃችኋል። እንግዲህ «ሁልጊዜ» የሚለው ቃል እስክንሽረው ድረስ ማለት እንጂ ለዘላለም ማለት አይደለም።

በመጨረሻም ለሦስት ወገኖች ሦስት ልመና አለኝ።

ለጓደኞቼ ለተማሪዎች፤ አንድ ፋይል እንቢ ቢላችሁ «ተበላሽቷል» ከማለታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ቅጥያው ምንድን ነው? አሁን የሚከፍተው ፕሮግራም ማን ነው? እርሱን ሊያነብ የሚችል ሌላ ፕሮግራም አለን? እነዚህን ሳትመረምሩ ምንም አትደምስሱ። የምትሳሱለትንም ጽሑፍ በሌላ ቦታ ቅጂ አኑሩለት።

ለመምህራኖቻችን፤ በኮምፒዩተር ትምህርት ውስጥ ይህ ጕዳይ አንድ ክፍለ ጊዜ እንዲሰጠው በትሕትና እለምናለሁ። በወርድ መጻፍን እንማራለን፤ በኤክሴል መደመርን እንማራለን፤ ነገር ግን ወርድን የሚጠራው ማን እንደ ሆነ ሳንማር ትምህርታችንን እንጨርሳለን። የትምህርት ቤታችን የተማሪዎች መዝገብም በአንድ ጠቅታ ምክንያት ዜሮው እንዳይጐድል፤ የአማርኛውም ስም እንዳይዘበራረቅ ጥንቃቄ ይደረግለት።

ለወላጆቻችን ደግሞ፤ «እኛ የኮምፒዩተር ነገር አናውቅም» እያላችሁ ስልካችሁን ለልጅ አሳልፋችሁ አትስጡ። ስልኩ «በየትኛው ልክፈት?» ብሎ የሚጠይቀው ባለቤቱን ነው። በቤታችሁ ያለ እናንተ ፈቃድ የመሶብ ክዳን የሚያነሣ እንደሌለ ሁሉ የልጃችሁን ፎቶግራፍና የቤታችሁን ውል የሚከፍተውንም እናንተ ምረጡ። ያላወቃችሁትን ብትጠይቁን እኛ ልጆቻችሁ በደስታ እናሳያችኋለን፤ እናንተ ፊደል ስናስቆጥር ታግሣችሁናልና።

ከጥቂት ወራት በኋላ እኔና የክፍል ጓደኞቼ ከዚህ ግቢ እንወጣለን። አንዳንዶቻችን ወደ ዩኒቨርሲቲ፤ አንዳንዶቻችንም ወደ ሥራ እንሄዳለን። በሄድንበት ሁሉ ሌላው ሰው በእጃችን ላይ የሚያኖረው ፋይል ይኖራል፤ የሕመምተኛ ካርድ፤ የመሬት ይዞታ፤ የደመወዝ መዝገብ፤ የፈተና ውጤት። የዚያን ጊዜ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሁሉም ሲጮኽ ዝም ብላ ሥዕሉን ተመልክታ «ለምን ተለወጠ?» ብላ እንደ ጠየቀች እኛም እንድንጠይቅ እመኛለሁ።